ሳያዩ መምረጥ እምነት አይደለም



ከሦስት ሳምንት በፊት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን የጨረሰች ልጅ ከእናቷ ጋር ወደ ቢሮዬ መጣች። እናትየው ገና ሳይቀመጡ፣ «ፓስተር፣ ይጸልዩላት፤ ጌታ ምን እንድትማር እንደሚፈልግ ይግለጥላት» አሉ። ልጅቱን፣ «አንቺስ ምን አሰብሽ?» አልኳት። «ሕክምና» አለች፤ የሸመደደችውን መልስ የምትመልስ ይመስል ነበር። «ሐኪም ሲሠራ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ትንሽ አሰበችና፣ «አሞኝ ስሄድ» አለች።

ሦስታችንም ሳቅን። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አለቀብኝ። ይህች ልጅ ምናልባት አርባ ዓመት የምትሠራውን ሥራ ልትመርጥ ነው፤ ያየችው ደግሞ በሕመምተኛ ወንበር ተቀምጣ፣ ለአሥር ደቂቃ፣ ትኩሳት ይዟት ነው። እናቷ ጫማ ሲገዙላት እንኳ ሦስት ሱቅ ዞረው፣ አስለክተው፣ ወዲያና ወዲህ አራምደው ነው የሚገዙላት። ለዕድሜ ልክ ሥራ ግን መለካት የለም፤ «ጌታ ይግለጥላት» ብቻ።

ይህን ልማድ ያስተማርናቸው እኛ አገልጋዮች ነን። ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልውቀስ። ከዓመታት በፊት በአንድ የአዲስ ዓመት ፕሮግራም ላይ ወጣቶችን ወደ መድረክ ጠርቼ፣ እጄን በትከሻቸው ላይ እየጫንሁ፣ «ዶክተር!»፣ «ኢንጂነር!»፣ «ፓይለት!» እያልሁ ተናግሬባቸዋለሁ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። «ከመካከላችሁ ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ ይወጣል» አላልሁም። ብል ኖሮ አሜን የሚል አላገኝም ነበር፤ ይህንንም አውቅ ነበር።

ከነዚያ ልጆች አንዱ እውነትም ሕክምና ገባ። የንባቡን ዓመታት በጥሩ ውጤት አለፈ። ዋርድ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ሆነ። የሚሞት ሰው ባየ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል፤ መርፌ ሲወጋ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሲነጋ መነሣት ያቅተዋል። ትምህርቱን አቋረጠ። አንድ ሰው ትምህርት ቢቀይር ዓለም አይፈርስም፤ እኔን ያደማኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቤተ ክርስቲያን መምጣት አቆመ። ፈልጌ ሳገኘው፣ «ፓስተር፣ ወይ እግዚአብሔር አልተናገረም፣ ወይ እኔ ኃጢአት ሠርቼ የተነገረልኝን አበላሽቻለሁ። የትኛው ነው?» አለኝ። እግዚአብሔር እንዳልተናገረ፣ የተናገርሁት እኔ እንደ ነበርሁ ለመናገር ያን ቀን ድፍረት አጣሁ። የነገርሁት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ስድስት ወር ሙሉ የእኔን ጥፋት እንደ ኃጢአት ተሸክሞት ኖረ።

ወገኖች፣ የ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በየአዳራሹና በየኮንፍረንሱ «ዶክተር» የተባሉት ስንት ይሆኑ? ያ ሁሉ ትንቢት የት ገባ? የተናገረው ሰው ወደሚቀጥለው ኮንፍረንስ ሄዷል። ልጁ ግን ከዝምታው ጋር ቤቱ ቀርቷል።

አንዳንዱ፣ «ፓስተር፣ ታዲያ ምሪት አንጠይቅ?» ይለኛል። እንጠይቅ እንጂ! ግን መጽሐፍ ቅዱሳችን ምሪት እየጠየቁ ዓይንን መጨፈን አያስተምርም። ዘኍልቍ 13ን ክፈቱ። ምድሪቱ የተስፋ ምድር ናት፤ እግዚአብሔር ራሱ እሰጣችኋለሁ ያላት ናት። ከእርስዋ የበለጠ የተረጋገጠ «ጥሪ» ከየት ይመጣል? ያም ሆኖ አሥራ ሁለት ሰዎች ተላኩ፤ አርባ ቀን ዞሩ። ሙሴ የሰጣቸውን ጥያቄዎች ደግሞ ተመልከቱ፤ ምድሪቱ መልካም ናት ወይስ ክፉ? አፈሩ ወፍራም ነው ወይስ ስስ? ዛፍ አለባት ወይስ የለባትም? የሚኖሩባት ሰዎች ጥቂት ናቸው ወይስ ብዙ? ከተማዎቹስ ቅጥር አላቸው? ከፍሬዋም ይዛችሁ ኑ አላቸው። አንድም «መንፈሳዊ» የሚባል ጥያቄ የለበትም። ስለ አፈርና ስለ ዛፍ ነው የሚጠይቀው። በተስፋ ቃል ላይ ቆሞ ስለ አፈር መጠየቅ ለሙሴ አለማመን አልነበረም።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚነሣ መልስ አለ፤ «አሥሩ ሰላዮች አይተው አይደል የፈሩት? ባያዩ ይሻላቸው ነበር።» ይህን ያልሁት እኔም ነበርሁ፣ ወጣት ሰባኪ ሳለሁ። አሁን ግን ጽሑፉን ቀስ ብዬ ሳነብብ፣ ኢያሱና ካሌብም ያንኑ ምድር፣ ያንኑ ቅጥር፣ ያንኑ ግዙፍ ሰው አይተዋል። እምነት የተባለው የእነርሱ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ከቤት አልቀሩም። የአሥሩ ጥፋት ካዩ በኋላ ያሉት ነገር ነው። አብርሃምም የሚሄድበትን ሳያውቅ ወጣ ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ውጣ ተብሎ ነው የወጣው። ያልተባለ ሰው የአብርሃምን ታሪክ ተውሶ የገዛ ስንፍናውን አይሸፍንበት። ጌታችንስ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ የተናገረው (ሉቃ. 14፥28) ደቀ መዝሙር ስለ መሆን አይደለምን? ለመከተሉ እንኳ አስሉ ያለ ጌታ፣ ለሒሳብ ሥራና ለነርስነት አታስሉ ይላል?

ደግሞ የሚገርመኝ፣ ማየት ብንፈልግ ሩቅ መሄድ አይጠበቅብንም። ጉባኤያችን ውስጥ ሁሉም ሥራ ተቀምጧል። እኛ ግን ሰዎቹን የምናውቃቸው እሑድ ሱፍና ነጠላ ለብሰው ነው፤ ሰኞአቸውን አናውቅም። ባንክ ቤት መስኮት ላይ የሚሠራውን ወንድም፣ ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሒሳቡ አልገጥም ሲል ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። የጎደለው ከማን ኪስ እንደሚሞላ ይነግራችኋል። ሳይት ላይ ያለውን መሐንዲስ ጠይቁት፤ ከሥዕሉ ይልቅ ሲሚንቶ ሲጠፋ ከሠራተኛና ከአሠሪ መካከል ቆሞ መዋል ሥራው እንደ ሆነ፣ ልጁ መሄድ የጀመረውን በስልክ እንደ ሰማ ያጫውታችኋል። ሒሳብ ሠራተኛዋ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል ለምን ከመዘምራን ልምምድ እንደምትጠፋ እኛ «ቀዘቀዘች» ብለን ደምድመናል፤ ሄደን አላየንም። ሐኪሞቻችንም ቢሆኑ፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ነው ብዙ ወላጅ «እንዴ፣ ዶክተርም ይቸገራል?» ያለው።

እኔ ወጣቶችን የምመክራቸው አንድ ጥያቄ እንዳይረሱ ነው፤ «በዚህ ሥራ ላይ ኃጢአት በየትኛው በር ይገባል?» እያንዳንዱ ሥራ የራሱ በር አለው። ግዥ ክፍል የሚሠራ ወንድም ደላላው ፖስታ ይዞ የሚመጣበትን ሰዓት ያውቃል። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ብረቱ ሳይሟላ «ፈርምልኝ» የሚባልበትን ቀን ያውቃል። መምህሩ ስለ ውጤት የሚለመንበትን ወር ያውቃል። ይህን ከመግባታችሁ በፊት ከአማኝ አፍ ብትሰሙት በሩ ላይ ስትደርሱ አትደነግጡም። ይህን ማንም ፕሮፌሽናል አማካሪ አይነግራችሁም፤ ጎናችሁ የተቀመጠው ሽማግሌ ግን ይነግራችኋል።

የእኔንም ሥራ ቢሆን ሳላይ ነው የገባሁበት። ጥሪ የመሰለኝ ነገር በአብዛኛው ማይክራፎን ነበር። ሥነ መለኮት ኮሌጅ ግሪክኛ ተማርሁ፣ ስብከት ማዘጋጀት ተማርሁ፤ መጀመሪያ በተመደብሁበት ትንሽ ከተማ ግን የገጠመኝ ሥራ የመቃብር ቦታ ነበር። አንዲት አረጋዊት እኅታችን ዐርፈው የሚቀበሩበት አጣን። ለወንጌላውያን አማኞች በየትንሽ ከተማው ይህ ምን ያህል መራራ ነገር እንደ ነበር በዕድሜ የገፋችሁ ታውቃላችሁ። ሬሳ ቤት አስቀምጬ ከቢሮ ቢሮ ስዞር፣ በኮሌጅ የተጻፈው ማስታወሻዬ አንድ መስመር አልረዳኝም። ሌሊት በር እየተንኳኳ የሚጠሩኝ ባልና ሚስት፣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሄደው የሽማግሌዎች ስብሰባ፣ ከለቅሶ ቤት ወደ ሰርግ ቤት በአንድ ልብስ መሮጥ፤ ይህ ነው ሥራው። እወደዋለሁ፤ ዳግም ብጠራ እገባበታለሁ። ግን አንድ አሮጌ መጋቢ ለአንድ ወር አስከትሎኝ ቢሆን ኖሮ ባለቤቴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለቀሰችውን ያህል አታለቅስም ነበር። አብሮኝ የተመረቀ ወዳጄ በሁለተኛው ዓመት ለቀቀ። «ወደ ኋላ ተመለሰ» ተባለ። እኔ ግን የተመለሰው ካላየው ነገር እንደ ነበር አውቃለሁ።

ዛሬም ወጣቶቻችንን የምናሳያቸው ማይክራፎኑን ነው። ከዚያም «የሙሉ ጊዜ አገልግሎት» ብለን ከሁሉ በላይ እንሰቅለዋለን፤ ሌላውን «ዓለማዊ ሥራ» እንለዋለን። ሉተር እኮ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1520 ለጀርመን መኳንንት ሲጽፍ ጫማ ሰፊውም፣ አንጥረኛውም፣ ገበሬውም እንደ ካህኑ የተቀደሱ ናቸው ብሏል። የተሐድሶ ልጆች ነን እያልን ወደ አሮጌው ደረጃ ተመልሰናል። ባስልኤልን አስታውሱ (ዘጸ. 31)። በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ የተባለለት ለወርቅ፣ ለናስ፣ ለእንጨት ሥራ ነበር። ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ ቆሮንቶስ ሲገባ አቂላ ቤት ያስገባው የሥራ ባልደረባነቱ ነው።

ከሁሉ የሚያሳምመኝን አልተናገርሁም። ወደ ቤሩት፣ ወደ ሪያድ የሚሄዱ እኅቶቻችን ስለሚጠብቃቸው ሥራ የሚሰሙት ከማን ነው? ከደላላ። ሄደው የተመለሱት ደግሞ ከእኛው ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ፓስፖርታቸውን ማዳም እንደ ቀማቻቸው፣ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደ ተኙ፣ የትኛዋ ግን በሰላም ሠርታ ለእናቷ ቤት እንደ ሠራች፣ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ሄዳ የምትጠይቃቸው የለችም። እኛ መሪዎችም አናገናኛቸውም። ሸኝተን፣ ጸልየን፣ ዘይት ቀብተን እንልካለን። ከመሄዷ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ከተመለሰችው ጋር ቡና ቢጠጡ ዘይቱ ይቀንስ ነበር?

«ይህ ሁሉ ሥራ ላለበት ሀገር ነው፤ እዚህ መንግሥት በመደበን እንማራለን፣ ባገኘነው እንሠራለን» የሚለኝ ወጣት አለ። እውነቱን ነው፤ አልከራከረውም። ምርጫችን ጠባብ ነው። ፎርም ላይ የሞላኸው ቀርቶ ያልሞላኸው ይደርስሃል። ነገር ግን ወንድሜ፣ አምስት ዓይነት ሥራ አይተህ ከሆነ፣ የደረሰህ ሦስተኛው ሲሆን ምን እንደ ደረሰህ ታውቃለህ። አንድም ሳታይ የደረሰህ እንደሆነ ግን የምትጣላው ከመደበህ ሰው ጋር ሳይሆን ከእግዚአብሔር ጋር ነው፤ ያ ልጅ እንደ ተጣላው። ዩኒቨርሲቲ ላልገቡትም ማየቱ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም፤ ጋራዥ ውስጥ፣ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ በሌሊት ምን እንደሚሠራ ያየ ልጅ «ወደቅሁ» ብሎ ፊቱን አይሸፍንም፤ የሚሄድበት አለው።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ጸለይሁላት። ከዚያም ስልክ አንስቼ ሆስፒታል የምትሠራውን ሲስተራችንን ደወልሁላት። ሆስፒታሉ ማንንም አያስገባም፤ ስለዚህ ልጅቱ ሲስተር ከሌሊት ዱቲ በወጣች ማግስት ቤቷ ሄዳ ቁርስ አብረው በሉ። እግሯ አብጦ፣ ትራስ ላይ ሰቅላው ነበር አለችኝ። ያን ሌሊት አንድ ሕፃን ተወልዷል፣ አንድ አባት ሞተዋል፤ ለልጆቻቸው የነገረቻቸው ሲስተር ናት። ልጅቱ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ፍርሃት አላየሁም። «ደሙን እለምደዋለሁ፤ ለልጆቻቸው መንገሩን ግን እንዴት እንደምትለምደው ጠየቅኋት» አለችኝ። «ምን አለችሽ?» አልኳት። «አልለመድሁትም አለችኝ።»

እናትየው ትንሽ አኩርፈውኛል። «ፓስተር፣ እኔ ጸልዩላት ነው ያልሁት፤ እርስዎ ልጄን ሥራ ፈላጊ አደረጓት» ይላሉ። ልጅቱ ገና አልወሰነችም። ባለፈው ቅዳሜ ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር ዋለች፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፏ መጣ አለችኝ፣ እንዳትነግርብኝ ብላ። ማክሰኞ ደግሞ ላቦራቶሪ ከሚሠራው ወንድማችን ጋር ቀጠሮ አላት፤ እናትየውም አብረው ሊሄዱ ነው።