የአጥንቱን መረብ በገዛ እጃችን እንጻፍ

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ማብቂያ ላይ አንድ ወንድማችን የያዝኩትን ወረቀት ከእጄ ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ ካደረገ በኋላ፣ «ለመሆኑ አንተ የመጣኸው ሐኪም ልትሆን ነው ወይስ መሐንዲስ?» ሲል ጠየቀኝ። ወረቀቱ ላይ የነበረው ከላይ እስከ ታች ቁጥርና አጫጭር ትእዛዝ ብቻ ነው። የቀሩት ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይሁን እንጂ ጥያቄው የቀልድ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱም በአንድ ስኒ ሻይ የሚያልቅ ስላልሆነ በዚህ ገጽ ላቀርበው ወደድሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጂዛን ነው። ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ በጀልባ ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ሰዓዳ የሚደርስ ወገናችን ከፊቱ የሚጠብቀው የድንበሩ ተራራ ነው። ከተራራው ወዲያና ከሥሩ ባለው ሜዳ ላይ ዳኢር፣ አልአሪዳ፣ ሳምታና ጡዋል የሚባሉት የሳዑዲ የጠረፍ ከተሞች አሉ። በዚያ ድንበር ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተሮች በኦክቶበር 2022 እ.ኤ.አ. ለሳዑዲ መንግሥት በጻፉት ደብዳቤ፣ በዚያ ዓመት የመጀመሪያ አራት ወራት ብቻ በመድፍና በጥይት 430 ያህል ስደተኞች እንደ ተገደሉ፣ 650 ያህል እንደ ቆሰሉ የሚገልጽ ክስ እንደ ደረሳቸው አስታወቁ። በኦገስት 2023 ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን የሚዘረዝር ሪፖርት አወጣ። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሳዑዲ ባለ ሥልጣኖች ጋር ሆኖ እንደሚመረምር ገለጸ።

ሪፖርቱ ውስጥ አንዴ ያነበበው ሰው የማይረሳው ነገር አለ። ከተረፉት አንዳንዶቹ፣ ጠባቂዎቹ ከያዟቸው በኋላ «የትኛው እጅህ ወይም እግርህ ይመታ?» ብለው እንዳስመረጧቸውና ከቅርብ ርቀት እንደ ተኮሱባቸው ተናግረዋል።

ስለ ሞቱት መግለጫ አውጥተናል፤ ሻማም አብርተናል። ይገባል። በመግለጫ በኩል ማኅበራችን ማንንም የሚያስቀና አይደለም። ስለ ቆሰሉት ግን ምን አልን? የተሰበረ አጥንት የተሸከመ ሰው ሪፖርቱ ከወጣ በኋላም መኖሩን ይቀጥላል። ያ ሰው ወደ ወሎ፣ ወደ ሐረርጌ ወይም ወደ ትግራይ ሲመለስ፣ ነገ ጥቁር አንበሳ ወይም ጎንደር ወይም ደሴ የምንመደበው እኛ ፊት ይቀርባል። የኔ ክርክር የሚመለከተው ይህን ሰው ነው።

ጥይትና ፍንጣሪ የሚሰብሩት አጥንት ኳስ ሜዳ ላይ እንደሚሰበረው አይደለም። አጥንቱ ይደቅቃል፤ ከፊሉ ጨርሶ ይጠፋል፤ ቆዳና ሥጋው ተከፍቶ አፈርና ጨርቅ ይገባበታል። በእንዲህ ያለ ቁስል ውስጥ ቀድሞ ብረት መቅበር ኢንፌክሽን መጋበዝ ስለሚሆን፣ የተለመደው አሠራር ከቁስሉ በላይና በታች ችንካሮች አጥንቱ ውስጥ አስገብቶ ከውጭ በዘንግ ማሰር ነው። ኤክስተርናል ፊክሴተር የሚባለው ይህ ነው። አጥንቱ መካከል ላይ ጎድሎ ከሆነ የሰውየውን ክብደት የሚሸከሙት እነዚያ ችንካሮችና ያ ዘንግ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው፦ ስንት ችንካር? ምን ያህል ውፍረት? ዘንጉ ከአጥንቱ ምን ያህል ይራቅ? የችንካር ግትርነት በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ያድጋል፤ ስለዚህ ከ5 ሚሊሜትር ወደ 6 ሚሊሜትር መውጣት፣ ለዓይን ምንም የማይመስል ለውጥ፣ ግትርነቱን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ ችንካር ነጻ ርዝመቱ ከ40 ወደ 60 ሚሊሜትር ቢረዝም ደግሞ ግትርነቱ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ይህን በመጽሐፍ ቀመር ማግኘት ይቻላል። ሦስትና አራት ችንካር፣ አንድ ዘንግ፣ የጎደለ አጥንትና የሚራመድ ሰው አንድ ላይ ሲመጡ ግን ቀመሩ አይበቃም፤ ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው የስሌት ዘዴ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ዘዴው ለማያውቅ አንባቢ፦ ቅርጹን ወደ ትናንሽ ጡቦች ትከፋፍለዋለህ፤ ጡቦቹ ጥግና ጥጋቸው ላይ ባሉ ቋጠሮዎች ይያያዛሉ፤ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱ ቋጠሮ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ያሰላል። የጡቦቹና የቋጠሮዎቹ ድርድር መረብ ይባላል። ስሙን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣለት የካሊፎርኒያው መሐንዲስ ሬይ ክላፍ ነው፤ መነሻው የአውሮፕላን ክንፍ ነበር። በ1972 ወደ አጥንት ገባ። ስለዚህ አጥንትና መረብ የተገናኙት ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው፤ እኔ አላጋባኋቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መረብ የሚሠራበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በማውዝ ነው፦ ስዕል ትከፍታለህ፣ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ያማረ መረብ ይወጣል። ሁለተኛው በጽሑፍ ነው፦ ትእዛዞችን በተራ ፋይል ውስጥ መስመር በመስመር ትጽፋለህ፤ ፕሮግራሙ አንብቦ መረቡን ይሠራል። ከመካከላችን ምህንድስና የሚያጠኑት ብዙዎቹ የሚያውቁት የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛውን የካርድ መብሻ ዘመን ትራፊ አድርገው ያዩታል። እርግጥ ነው፣ የናስትራን ፋይል ዛሬም የ80 ዓምድ ካርድን መልክ ይዟል። እኔ ግን ለእኛ የሚበጀው ይህ አሮጌ የሚባለው መንገድ ነው እላለሁ።

ወረቀቴ ላይ የነበረው ይህ ነው። የቅልጥምን አጥንት 300 ሚሊሜትር ርዝመት ባለው ክፍት ቱቦ መስዬዋለሁ። በዙሪያው 24፣ በውፍረቱ 2፣ በርዝመቱ 60 ጡብ፤ በጠቅላላው 2,880 ጡብና 4,392 ቋጠሮ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚጽፍ ሞኝ የለም። በአባከስ ቋንቋ ጥቂት ቋጠሮ በኖድ ትእዛዝ ታስቀምጣለህ፤ ኤንጄን በሁለት ቋጠሮ መካከል በመስመር ወይም በቅስት ይሞላልሃል፤ ኤንፊል በሁለት የቋጠሮ ስብስብ መካከል ይሞላል፤ አንድ ጡብ በኤለመንት ትጽፍና ኤልጄን ያንን እያባዛ ግድግዳውን ይገነባል። ቁጥር አሰጣጡን ካሰብህበት ቁጥሩ ራሱ አድራሻ ይሆናል፦ በኔ ፋይል ቋጠሮ 30112 ማለት 30ኛው ደረጃ ላይ፣ ከግድግዳው መካከል፣ በዙሪያው 12ኛው ማለት ነው። ችንካሩ የት እንደ ገባ ለማወቅ ስዕል አያስፈልገኝም።

ጉዳት ደግሞ ሰው በሰው ይለያያል። አንዱ 40 ሚሊሜትር አጥንት አጥቷል፣ ሌላው 15። በኔ ቱቦ እያንዳንዱ ደረጃ 5 ሚሊሜትር ስለሆነ 40 ሚሊሜትር ማጉደል ማለት ስምንት ደረጃ መተው ነው፤ አንድ ቁጥር ትለውጣለህ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆያል። በማውዝ የተሠራው መረብ ግን ብዙ ጊዜ ከስዕሉ ጀምሮ እንደገና ይሠራል፤ ሠሪው ምን እንደ ነካ የሚናገር ዱካም ሁልጊዜ አይተውም።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መደበቅ የለብኝም። የመጀመሪያው ቱቦዬ ስክሪን ላይ ፍጹም ያማረ ነበር። 700 ኒውተን ጫንሁበት፤ ድጋፎቹ 700 መለሱ፤ ሚዛኑ ልክ ነው ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ስጠመዝዘው ግን የመጽሐፉ ቀመር ከሚለው እጅግ አብልጦ ተጠመዘዘ። ሦስት ሌሊት ፈለግሁ። በመጨረሻ ቋጠሮዎቹን ብቆጥር 4,392 መሆን ሲገባቸው 4,575 ሆነው ተገኙ፤ 183 ትርፍ። ቅስቱን ከ0 እስከ 360 ዲግሪ ስሞላ መነሻውና መድረሻው ላይ ድርብ ቋጠሮ አስቀምጬ ኖሯል፤ ቦታቸው አንድ ነው፣ ነገር ግን አልተያያዙም። አጥንቴ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ነበር፤ ስንጥቁ ስዕል ላይ አይታይም፣ የኃይል ሚዛንም አያጋልጠውም። ያጋለጠው ቆጠራው ነው፤ መቁጠር የቻልሁትም እያንዳንዱን መስመር ራሴ ስለ ጻፍሁ ነው። (መለኪያውም እንዲሁ ነው፤ ፕሮግራሙ ሚሊሜትርና ሜትር አይለይም። በሚሊሜትርና በኒውተን የጀመረ ሰው የአጥንቱን 17 ጊጋፓስካል 17,000 ብሎ ካልጻፈ ውጤቱ ተረት ነው።)

ሌላው ምክንያት የሎሌነት ጉዳይ ነው። ዛሬ ቁልፉን የምንጫንበት ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ነው። ስኮላርሺፑ ሲያልቅ ፈቃዱም ያልቃል፤ በዚያ ፕሮግራም ብቻ የሚከፈተው ሥራችን አብሮ ይቆለፋል። የጽሑፍ ፋይል ግን በፍላሽ ተይዞ አገር ይገባል፤ ደሴ ላይ በማንኛውም አሮጌ ኮምፒዩተር ይነበባል። ካልኩሊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የሚያነበው የፋይል ዓይነት ከአባከሱ ጋር በጣም የተቀራረበ ነው፤ ለመረቡ ሥራ የራሱ ትእዛዞች አሉት። ጂሜሽም ነጻ ነው፣ በጽሑፍም ይታዘዛል። እዚህ ተምረን እዚያ የማንሠራበትን ነገር ለምን እንማራለን?

ሁለት ተቃውሞ ይቀርብልኛል። የመጀመሪያው፣ አጥንት ቱቦ አይደለም የሚለው ነው። ልክ ነው። ቅልጥም ሦስት ማዕዘን ቅርጽ አለው፣ ጫፉ ላይ ይሰፋል፣ ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ የአንድን ሰው አጥንት በትክክል ለማግኘት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፣ ከዚያ የሚወጣውን ቅርጽ ደግሞ በእጅ መጻፍ አይቻልም። የኔ ፋይል ለማንም ሰው እግር ውሳኔ አይሰጥም፤ እንዲሰጥም አልፈልግም። የሚጠቅመው ለማነጻጸር ነው፦ ይህ አሰራር ከዚያ ይጠነክራል ወይስ ይላላል? ለዚህ ጥያቄ ቱቦው ጥሩ መምህር ነው። ያማረ የሲቲ መረብ ይዞ ችንካሩን በአንድ ቋጠሮ ብቻ ያሰረ ሰው ግን፣ ጡቡ መዞርን ስለማይዝ ችንካሩ እንደ ማጠፊያ እንደሚዞር ሳያውቅ ያልፋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። «ችግሩ ጥይቱ ነው እንጂ ችንካሩ አይደለም፤ አንተ ስሌት ውስጥ ተደብቀህ ከፖለቲካው ሸሸህ» ያለኝ አለ። ጥይቱ መቆም አለበት፣ የተኮሰም መጠየቅ አለበት፤ እዚህ ላይ ልዩነት የለንም። ነገር ግን ጥይቱ ነገ ቢቆም እንኳ ትናንት የተመታው ሰው ችንካር ይዞ ይቆማል። የዚያን ሰው አጥንት ማን ያሰላል ብሎ መጠየቅ ከፖለቲካ መሸሽ ከሆነ፣ ፖለቲካ ምን እንደ ሆነ ወንድሜ በሚቀጥለው እትም ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

የምህንድስና ተማሪዎች አባሎቻችን ከሕክምናዎቹ ጋር በወር አንድ ቅዳሜ እንዲቀመጡ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚጻፈው ፋይል ሁሉ ከማብራሪያው ጋር፣ ማብራሪያው በአማርኛ ሆኖ፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የኔን አስቀምጫለሁ፤ ድርብ ቋጠሮው ተስተካክሏል። ክፍተቱ 40 ሚሊሜትር፣ ችንካሩ አራት ባለ 5 ሚሊሜትር ነው። ችንካሩን ወደ 6 ለውጦ ያገኘውን የሚልክልኝ ወይም ሌላ ስሕተት የሚያገኝብኝ ካለ፣ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ቢያደርሰኝ እወዳለሁ።