አማካሪው ሲመጣ በሩን የሚዘጋ ገበሬ

ዛሬ ስለ ላም ጆሮና ስለ ፍግ ላጫውታችሁ ነው። የአገራችን ጉዳይ እንዲህ በተወሳሰበበት ሰዓት ይህ ሰው ምን ነካው የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው ደጃፍ ይደርሳል።

ስደት እንደወጣሁ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ በደቡብ ጀርመን በአንድ የወተት ከብት እርባታ ውስጥ ነበር። ጊዜው 2006 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። አርባ ያህል ላሞች፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ባለቤታቸውና እኔ። አንድ ቀን አንዲት ላም ጆሮዋን የሽቦ አጥር ይዞባት ስትታገል የጆሮዋን ቢጫ የፕላስቲክ ቁጥር ቦጭቃ ጣለችው። በአውሮፓ ሕግ እያንዳንዱ ከብት በሁለቱም ጆሮው ላይ ቁጥር ማንጠልጠል አለበት። ሽማግሌው ምትክ ለማዘዝ አሰቡ፤ የሣር አጨዳ ደረሰና ረሱት። በሦስተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪዎች መጡ። የላሟን ጆሮ አዩ። ቀጥሎ ከበረቱ ኋላ የተከመረውን ፍግ አዩ። ዝናብ ያጠበው ቡናማ ውኃ ቁልቁል ወደ ጅረቷ ሲወርድ ተከትለውት ሄዱ፣ ፎቶ አነሡ፣ ጻፉ፣ ተሰናበቱ። ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ከዓመቱ ድጎማ ላይ ተቆርጧል።

ሽማግሌው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና እንዲህ አሉኝ፦ «ስለ ጅረቷስ እውነታቸውን ነው። ልጅ ሆኜ ዓሣ አጠምድባት ነበር፤ ዛሬ ዓሣ የለባትም። ግን ያን ማጠራቀሚያ ጉድጓድ በምን ገንዘብ ልሥራው? ማንንስ ልጠይቅ?» እኔም የዋህ ነበርኩና አማካሪ ባለሙያ የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። «አለ እንጂ! ጠርቼው ጉድለቴን ሁሉ ካሳየሁት በኋላ ማታውኑ ለማን እንደሚደውል በምን አውቃለሁ?»

ያን ቀን እንደ ሽማግሌ ብስጭት ነበር የቆጠርኩት። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን የጠቅላላው ሥርዓት በሽታ በዚያች አንዲት አነጋገር ውስጥ ነበረ።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የአውሮፓ ኅብረት ለገበሬዎቹ በቀጥታ ድጎማ ይከፍላል። ከ2021 እስከ 2027 ለግብርና ፖሊሲው የተመደበው 387 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነው፤ ከኅብረቱ በጀት ሲሶ ያህል ማለት ነው። እኛም በአውሮፓ የምንኖር ግብር ከፋዮች ነንና «ምን አገባን» የሚለው አያስኬድም። በሰኔ 2003 የግብርና ኮሚሽነሩ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ፊሽለር ባስጸደቁት ለውጥ ድጎማው ከምርት መጠን ጋር መያያዙ ቀረና ከጥር 2005 ጀምሮ ከግዴታ ጋር ተቆራኘ። ገበሬው ውኃ እንዳይበክል፣ አፈሩ እንዳይሸረሸር፣ እንስሳቱን በአግባቡ እንዲይዝ፣ ከብቱን እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። ሳያሟላ የተገኘ ከድጎማው ይቆረጥበታል። በዚያን ጊዜው ሕግ ቅጣቱ በቸልተኝነት ከሆነ እስከ 5 በመቶ፣ ጥፋቱ ከተደጋገመ እስከ 15 በመቶ፣ ሆን ብሎ ከሆነ ደግሞ 20 በመቶና ከዚያም በላይ፣ ከነጭራሹ እስከ መከልከል ይደርስ ነበር።

ሐሳቡን እኔ አልቃወምም። የሕዝብ ገንዘብ ተቀብሎ የሕዝብን ወንዝ ማቆሸሽ ተገቢ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ግዴታው በ2005 ሲጀምር፣ ገበሬው እንዴት እንደሚያሟላው የሚያስረዳው የምክር አገልግሎት መቼ ተጀመረ? አባል አገሮች እንዲያቋቁሙ የታዘዙት እስከ 2007 መግቢያ ነበር። ቅጣቱ ቀደመ፣ ምክሩ ተከተለ ማለት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን በታለፈ። ያው ሕግ ለምክር አገልግሎቱ ቅድሚያ ለማን እንዲሰጥ አዘዘ መሰላችሁ? በዓመት ከ15,000 ዩሮ በላይ ድጎማ ለሚቀበሉ ገበሬዎች! ድጎማው በአመዛኙ የሚታሰበው በመሬት ስፋት ስለሆነ፣ ሰፊ መሬት ያለው፣ ጸሐፊና የሒሳብ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ ሕግ የሚያነብለት ጠበቃ ያለው ሰው ከፊት ተሰለፈ። አርባ ላም ያላቸው ሽማግሌ ከኋላ ቆዩ። ይህ ቅድሚያ በኋላ ከሕጉ ተነሥቷል። ግን ገበሬውና አማካሪው የተዋወቁባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደዚያ ነበሩ።

ቁጥጥሩስ? ሕጉ የሚያስገድደው በዓመት ቢያንስ ከመቶ ገበሬ አንዱ እንዲጎበኝ ነው። ስለዚህ አንዱ ዕድሜ ልኩን ተቆጣጣሪ ሳያይ ይኖራል፣ ሌላው አንድ ቀን ድንገት በሩ ይንኳኳል። ገበሬው ይህን እንደ ሎተሪ ነው የሚያየው፤ እጣው የወጣለት ሰው የሚከፍልበት ሎተሪ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተቆጣጣሪዎች ካገኟቸው ጥፋቶች አብዛኞቹ ደግሞ የከብት መለያና ምዝገባ ጉድለቶች ነበሩ። የጆሮ ቁጥር ይቆጠራል፤ አፈር ሲሸረሸር ግን በአንድ ቀን ጉብኝት አይታይም። ማየት የሚቀለው ተቀጣ፣ ማየት የሚከብደው ታለፈ። የኅብረቱ የኦዲት ፍርድ ቤት ራሱ በ2008 ባወጣው ሪፖርት ፖሊሲው በዚያ አፈጻጸሙ ውጤታማ አይደለም ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ችግራቸውን የፈታላቸው መሥሪያ ቤት አልነበረም። በአካባቢው የሚኖር፣ ዕድሜውን በወተት ሥራ ያሳለፈና ጡረታ የወጣ ሰው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ሊጠጣ መጣ። ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ በረቱን ዞረ። ለማየት የሄደው ግን ፍጉን ሳይሆን ጣሪያውን ነበር። የበረቱ ጣሪያ አሸንዳ አልነበረውም። ከጣሪያው የሚወርደው ንጹሕ የዝናብ ውኃ ሁሉ በፍጉ ላይ አልፎ ነበር ወደ ጅረቷ የሚሄደው። «መጀመሪያ ንጹሑን ውኃ ከቆሻሻው ለየው፤ ጉድጓዱ ከዚያ በኋላ የምታስበውን ግማሽ ቢያክል ነው» አላቸው። በሁለት ቅዳሜ አሸንዳ አንጠለጠልን፣ በፍጉ ዙሪያ ዝቅ ያለ የሲሚንቶ ክልል ሠራን። እጄ በሲሚንቶ ተላጠ እንጂ ወጪው ከተቆረጠባቸው ገንዘብ ብዙም አይበልጥም ነበር። ማጠራቀሚያውም ከሁለት ዓመት በኋላ ተሠራ፤ እንደተባለውም አነስ ብሎ።

ሰውየው የደንብ ልብስ አልነበረውም፣ የሚሞላው ፎርም አልነበረውም፣ የሚያመለክትበት አለቃም አልነበረውም። በሩ የተከፈተለት በዚህ ነው።

ኅብረቱ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የ2003ቱ ሕግ አማካሪው በሥራው ያገኘውን የገበሬውን ምስጢር ለሌላ እንዳይሰጥ ያዛል፤ ሕግ እንዲያመለክት የሚያስገድደው ከባድ ጥፋት ካልሆነ በቀር። ለምክሩ ወጪም እስከ 80 በመቶ፣ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት እስከ 1,500 ዩሮ የሚደርስ እርዳታ ተፈቅዶ ነበር። በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን መንደር ውስጥ አማካሪውና ተቆጣጣሪው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ቡና ሲጠጡ የሚያይ ገበሬ አንቀጽ አይጠቅስም።

አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች «የእኛስ?» ትሉ ይሆናል። የእናንተው ይቀድማል። በታኅሣሥ 1985 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት የእርሻ ሕግ፣ በቀላሉ የሚሸረሸር መሬት የሚያርስ ገበሬ የአፈር ጥበቃ ዕቅድ ከሌለው ድጎማ እንዳያገኝ ደነገገ። ልዩነቱ ያለው በአጀማመሩ ነው። ዕቅዱን እስከ 1990 እንዲያወጣ፣ እስከ 1995 ሥራ ላይ እንዲያውል ጊዜ ሰጡት። ዕቅዱን አብሮት ማሳው ላይ ቆሞ የሚነድፍለት ደግሞ በ1935፣ በዚያ በአቧራ ማዕበል ዘመን የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ አገልግሎት ባለሙያ ነበር። አያቱ የሚያውቁት መሥሪያ ቤት ነው። በ1982 ከአሜሪካ የእርሻ መሬት በዓመት 3 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር ይሸረሸር ነበር፤ በ1997 ከ2 ቢሊዮን በታች ወርዷል። ሁሉም የዚህ ሕግ ውጤት ነው አልልም፤ መሬት እንዲያርፍ የሚከፈለው ገንዘብና አዲሱ ያለማረስ ዘዴም ድርሻ አላቸው።

እዚያም ቢሆን ነገሩ ሁሉ ማርና ወተት አልነበረም። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2003 ሲመረምር፣ ብዙ የመስክ ጽሕፈት ቤቶች ሕጉን በሚገባ እንደማያስከብሩ አገኘ። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ትናንት አማካሪ የነበረው ሠራተኛ ዛሬ ቀጪ መሆኑ አልመች ማለቱ ነበር። ይህን ያነሣሁት ለእኔ ክርክር የማይመች መስሎ ስለሚታይ ነው፤ ወዳጅ የሆነ ባለሙያ ዓይኑን ይጨፍናል የሚል ሰው እዚህ ላይ ማስረጃ አለው። እኔ ግን የማነበው በተቃራኒው ነው። አንድን ሰው ሁለቱንም ሥራ ብታሠሩት አንዱን ያበላሻል፤ ወይ ምክሩን፣ ወይ ቁጥጥሩን። ቁጥጥር ይኑር፣ ጠንካራም ይሁን፤ ሰውየው ግን ሌላ ይሁን።

አውሮፓ በ2024 ምን እንዳደረገች ታስታውሳላችሁ። በየካቲት 1 ቀን ትራክተሮች ብራስልስን አጥለቀለቁ፣ ጎማ ነደደ፣ እንቁላል ተወረወረ። ከወራት በኋላ ኅብረቱ ደንቡን ላላ አደረገው። ከ10 ሄክታር በታች ያላቸው ገበሬዎች ከዚህ ግዴታ ቁጥጥርና ቅጣት ነፃ ወጡ፤ ከእርሻ መሬት 4 በመቶው ጾም እንዲያድር የሚያዘውም ግዴታ ተሰረዘ። ብዙዎች አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብኩም። ከ10 ሄክታር በታች ያሉት ከድጎማ ተቀባዮቹ 65 በመቶ ያህል ናቸው። መርዳት ሲያቅት መተው ማለት ይህ ነው። ጅረቷ የሚፈስባትን ፍግ ስንት ሄክታር ካለው ሰው መጣህ ብላ አትጠይቀውም። ትንሹ ገበሬም ነፃ ወጣ እንጂ አሸንዳ የሚያንጠለጥልለት ሰው አላገኘም።

አሁን ወደ ደጃፋችን። በኢትዮጵያ አውሮፓዊ ዓይነት ድጎማ የለም። ይሁንና «እርዳታ ትቀበላለህ፣ በምትኩ መሬቱን ትጠብቃለህ» የሚለውን ውል ገበሬያችን ከአውሮፓው ገበሬ አስቀድሞ ያውቀዋል። ከደርግ ዘመን ጀምሮ በምግብ ለሥራ ስንት ተራራ እርከን ተሠራበት! በ2005፣ ያው የአውሮፓው ግዴታ በጀመረበት ዓመት፣ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ፤ መሥራት የሚችል ሰው በወር 5 ቀን እርከንና ክትር እየሠራ፣ ችግኝ እየተከለ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። በአንዳንድ ቦታ፣ በተለይ በትግራይ፣ የተራቆተ ኮረብታ ልብስ ለብሷል፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም።

ባለሙያውስ? በየቀበሌው የተመደበው የልማት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ከልቡ የሚሠራ ወጣት ነው። ግን በዚያው እጁ የማዳበሪያ ዕዳ እንዲያስከፍል፣ ኮታ እንዲያሟላ፣ ስብሰባ እንዲጠራ ተደረገ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2010 ባወጣው ሪፖርት በኢሕአዴግ ዘመን የሴፍቲኔት እርዳታና ማዳበሪያ የተቃዋሚ ደጋፊ ናቸው ለተባሉ ገበሬዎች እንደሚከለከል መዝግቧል፤ መንግሥት በወቅቱ አስተባብሏል። የጀርመኑ ሽማግሌ አማካሪውን የፈሩት ከድጎማቸው ጥቂት በመቶ እንዳይቆረጥ ነው። የእኛው ገበሬ የሚፈራው ስሙ ከመዝገብ እንዳይፋቅ ነው። መሬቱም የመንግሥት በሆነበት አገር ደጃፉ ላይ የቆመው ሰው ዛሬ ስለ እርከን ይምከር ወይስ ስለ ሌላ ነገር ይምጣ በምን ይለያል? ከእርዳታ ሰጪ አገሮች ጋር ደብዳቤ የምትጻጻፉ፣ ሰልፍ የምትወጡ ወገኖች ገንዘቡ ይቁም ወይም ይቀጥል ከማለት አልፋችሁ ይህንን ጠይቁልን፦ ገበሬውን የሚመክረውን ሰው የሚቀጥረው፣ የሚያባርረውና የሚያዘው ማን ነው?

አጎቴ ወሎ ውስጥ ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ላይ በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ እርከን ተሠርቶ ነበር። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ብዙ ቦታ ሕዝቡ እርከኑን አፍርሷል፣ የተተከለውን ዛፍ ጨፍጭፏል፤ አጎቴም የራሳቸውን አፈረሱ። ካፈረሱት በኋላ በሁለተኛው ክረምት ጎርፍ የማሳውን የታች ጥግ ወሰደው። በቅርቡ ስልክ ስደውልላቸው ለምን እንዳፈረሱት ጠየቅኳቸው። «አይጥ ተራባበት፣ በሬም ማዞሪያ አጣ» አሉኝ። ታዲያ ያን ጊዜ አማክረውዎት ቢሆን ምን ይሏቸው ነበር ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄ፣ ውኃው የሚመጣው ከላይ ከግጦሹ ነው፤ መጀመሪያ እዚያ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ እላቸው ነበር። ከዚያ እርከኑ ከሦስት አንድ ይበቃኝ ነበር» አሉኝ።

ቦዩን ቆፍረውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ግጦሹ የቀበሌው ነው፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል አሉኝ።