የአንድ ሳምንት ባለርስት

እንግዳ ይመጣል የተባለበት ቤት ይጠረጋል፤ መሶቡም ይሰናዳል፤ ብልህ ባለቤት ያለው እንደ ሆነ ደግሞ እንግዳው ማን እንደ ሆነና ስንት ቀን እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይጠየቃል። እኛ የወሎ ልጆች በአሁኑ ጊዜ የምንጠብቀው እንግዳ በሎጎ ሐይቅ ዳር ይሠራል የተባለው ዘመናዊ የመዝናኛ ሥፍራ ነው። ሎጎ ሐይቅ በ2015 ዓ.ም. «ገበታ ለትውልድ» በተባለው እቅድ ውስጥ ከተመረጡት ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ስሙ ከተጠራ ወዲህ፥ ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በር ድረስ ሻይ በቀረበበት ሁሉ ይኸው ነገር ይነሣል። አንዱ በጀልባ ሲንሸራሸር ይታየዋል። ሁለተኛው በአስተናጋጅነት ሲቀጠር ያልማል። ሦስተኛው ግን «ለእኛስ ምን ይተርፈን ይሆን?» ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። በዛሬው ዓምድ ላነሣው የፈለግሁት የሦስተኛውን ሰው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ሐይቁን እንወቀው። ከደሴ በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ከሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ ውሃው ከከተማው በስተምሥራቅ ተኝቷል። ስፋቱ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። በዳሩ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ታላቅ የትምህርት ቤት ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ተምረዋል። በ16ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙን በደሴት ላይ እንዳየው፥ ሎሚና ብርቱካንም እንደሚበቅልበት፥ መነኮሳቱም በደንገል ታንኳ እንደሚመላለሱ ጽፎ ትቷል። ዛሬ ያ ደሴት ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር ሽማግሌዎች የሚያወሩት ተረት አለ። በጥንት ዘመን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ትበደላለች። እግዚአብሔርም በዚህ ግፍ ተቆጥቶ አገሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች፤ ድኻይቱ ሴት የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ሳትነካ ደሴት ሆና ቀረች ይባላል። ተረት ነው ብለን እንለፈው። ነገር ግን ሐይቁን ያወረሱን አባቶች ስለ ሐይቁ ሊነግሩን የፈለጉት የመጀመሪያው ነገር የድኻ መቀመጫ የተከበረ መሆኑን ነበር፤ ይህን እናስታውስ።

ለምን ይህን ያህል እንደምንጓጓም ግልጽ ነው። ቀድሞ ባሕር ማየት ያማረው የወሎ ሰው ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርድ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች፥ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ የድንበሩ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ያ ጉዞ ለአባቶቻችን ትዝታ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ለእኛ ባሕራችንም ደሴታችንም ሎጎ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ነገር እንምጣ። ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖቻችን «ታይምሼር» የሚባል ቃል ይዘው ይመጣሉ። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች አካባቢ ነው። ከዚያም ወደ ፍሎሪዳ፥ ወደ ስፔን ዳርቻዎችና ወደ ካሪብያን ደሴቶች ተዛመተ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓመት 52 ሳምንት አለው። አንዱን የሆቴል ክፍል ለአንድ ሰው ከመሸጥ ይልቅ ሳምንቱን ለየብቻ እየቆራረጡ ለሃምሳ ሰው ይሸጡታል። ገዥው በየዓመቱ በተወሰነለት ሳምንት መጥቶ እንደ ባለቤት ይቀመጣል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ቁልፉን ለባለተራው ያስረክባል። ስለዚህ እኔ ይህን ገዥ የአንድ ሳምንት ባለርስት ብዬዋለሁ።

ለኢትዮጵያዊ ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። እቁብ ምንድን ነው? ተራ በተራ መድረስ አይደለምን? ማኅበርስ ቢሆን በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚዞር ድግስ አይደለምን? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ያለው የአገራችን ሰው ቁጥሩን እንኳ አልሳተውም። በእቁብና በታይምሼር መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በእቁብ የሚሰበሰበው ገንዘብ የአባላቱ ነው፤ ዳኛውንና ጸሐፊውንም ፊት ለፊት እናውቃቸዋለን። በታይምሼር ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ከሻጩ ኪስ ይገባል፤ ተራው የሚመጣው በኋላ ነው።

ለምሳሌ ያህል በቁጥር እንየው። አንድ ክፍል ለመሥራት 2 ሚሊዮን ብር ወጣ እንበል። ባለቤቱ ሁለቱን ሳምንት ለእድሳት አስቀርቶ የቀሩትን ሃምሳውን እያንዳንዳቸውን በ100 ሺህ ብር ቢሸጥ 5 ሚሊዮን ብር ይሰበስባል። ገዥው ደግሞ 100 ሺሁን ከፍሎ አይገላገልም። በየዓመቱ ለጥበቃ፥ ለጽዳትና ለእድሳት መዋጮ ይጠየቃል። መዋጮው በዓመት 5 ሺህ ብር ቢሆንና ከቶ ባይጨምር እንኳ፥ በ20 ዓመት 100 ሺህ ብር ይሞላል። ይኸውም ያንኑ አንድ ሳምንት ሁለተኛ እንደ መግዛት ነው። መዋጮ ደግሞ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሳምንቱስ የትኛው ነው? ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ የጠራበት፥ ገናና ጥምቀት ሰው የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። እነዚህ ሳምንቶች ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ቀድመውም ያልቃሉ። ለመምህርና ለተማሪ የሚስማማው የዕረፍት ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ይወርዳል፤ ጭጋጉም ከጦሳ ተራራ ራስ ላይ አይነሣም። በክረምት ዝናብ በሐይቅ ዳር ጃንጥላ ይዞ ለመቀመጥ ሃያ ዓመት መዋጮ መክፈል «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የተባለውን ያስታውሳል።

በሌላው ዓለም ብዙ ሰው በጣፋጭ ንግግር ተታልሎ ፈርሞ ተጸጽቷል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ለዚህ ንግድ ሕግ አወጣ። በኋላም ሕጉን አጠንክሮ፥ ገዥው ከፈረመ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ውሉን መተው እንዲችል፥ ሻጩም በነዚያ ቀናት ውስጥ ቀብድ እንዳይቀበል ደነገገ። በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጋራ ባለሀብትነትና ስለ አላባ ጥቅም ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። እንግዲህ የሐይቅ ዳር ሳምንት እሸጥላችኋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ የሚሸጠው መሬቱን አይደለም፤ የመጠቀም መብትን ነው። መሬቱን የያዘበት የሊዝ ዘመን ሲያልቅ የእናንተ ሳምንት ምን ይሆናል? ድርጅቱ ቢከስር ቁልፉን ማን ይዞ ይቀራል? ሳምንቱን ለልጅ ማውረስ፥ ለሌላ መሸጥስ ይቻላል? እነዚህ መልሳቸው በጽሑፍ ሳይገኝ የማይታለፉ ጥያቄዎች ናቸው።

«እኔ የወር ደመወዜ ለቤት ኪራይ የማይበቃ ጸሐፊ፥ ይህ ምን አገባኝ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እንዲህ አይባልም። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በጅዳ፥ በቤይሩት ወይም በዱባይ በሰው ቤት የምትደክም እኅት አለቻችሁ። እንዲህ ያለ ሽያጭ በአገራችን ሲለመድ ሻጩ አስቀድሞ የሚፈልገው የእርሷን ጥሪት ነው፤ የአገር ናፍቆቷንም ያውቃል። ውሉ በስልክ ሲላክላት «ወንድም ጋሼ፥ አንብብና ልፈርም ወይስ ልተወው በለኝ» ብላ የምትጽፈው ለእናንተ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው የቤተሰቡ ጠበቃ ነው። ያን ቀን «ፎቶግራፉ ያምራል፤ ፈርሚ» ብሎ መመለስ ለእኅት ታላቅ በደል ነው።

ከውሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዳርቻው ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «ገበታ ለሸገር» በተባለው እራት አንድ ሰው የተቀመጠው 5 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ነበር። ከዚያም «ገበታ ለሀገር» ተከተለ፤ በጣና ሐይቅ ዳር ጎርጎራም ተሠርቶ ተመረቀ። ለልማት ገንዘብ ያላቸው ሰዎች መክፈላቸው መልካም ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በእኛ ወግ ገበታ ሲቀርብ በር አይዘጋም፤ መንገደኛም ቢሆን «እንብላ» ይባላል። ቢሾፍቱ ሄዶ ባቦጋያን ያየ ሰው የውሃው ዳር በሎጅና በቪላ አጥር ስለ ተያዘ ውሃውን ለማየት አስቀድሞ ምግብ ወይም ቡና ማዘዝ እንደሚኖርበት ያውቃል። ሐዋሳ የሄደ ግን በፍቅር ሐይቅ ዳር ያለ ክፍያ ይንሸራሸራል፤ አሞራ ገደል ወርዶም ዓሣ ይበላል። ሁለቱም ከተሞች ሆቴል አላቸው፤ የሚለያዩት የእግር መንገድ ለሕዝብ በመተውና ባለመተው ነው። ሎጎ የሚሠራው እንደ ባቦጋያ ነው ወይስ እንደ ሐዋሳ? ይህን መጠየቅ የሚገባው መሠረቱ ሲጣል ነው እንጂ አጥሩ ከቆመ በኋላ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ሎጎ ውሃ ይቀበላል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ የገባበት ቆሻሻ ከዚያው ይቀራል። ዛሬ በሐይቅ ከተማ ተጠብሶ የምንበላው ቆሮሶ ዓሣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ሥፍራ መጥቶ የተጨመረ ነው፤ ከዚያም ብዙ አስጋሪዎች ቤተሰባቸውን የሚያሳድሩበት እንጀራ ሆነ። የአንድ ትልቅ ሆቴል የመታጠቢያና የወጥ ቤት ፍሳሽ ሳይጣራ ቢለቀቅበት ይህ እንጀራ ይበላሻል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ እንዴት እንደ ደረቀ እናስታውስ። በኋላ ውሃው ቢመለስም፥ በእርሱ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የከሰሩትን ዓመታት የመለሰላቸው የለም።

እንግዳ የሚመጣው ደግሞ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲመታ ሆስፒታልና ፋብሪካ ሳይቀር ተዘርፏል። በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ብዙ ተጓዥ አስቀርቷል። ያለ ሰላም ከተሠራ ሎጅ ይልቅ ሰላም ያለበት የሣር ጎጆ እንግዳ ይስባል።

እንግዲህ እኛ ወጣቶች እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሐይቁን ውሃ ይመርምር፤ ዓሣው ስንት እንደ ሆነ ዛሬ ይመዝገብ፤ ነገ የጎደለውን ለማወቅ የምንችለው የዛሬው ከታወቀ ብቻ ነው። የሐይቅ ከተማ ልጅ ቋንቋና የምግብ አሠራር ይማር፤ የገዳሙንም ታሪክ አጥንቶ አስጎብኚ ለመሆን ይዘጋጅ፤ እንዲህ ካልሆነ ሥራውን ከሩቅ የመጣ ሰው ይይዘዋል። በወረዳና በዞን ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ጸሐፊዎች ደግሞ የእቅዱ ወረቀት ከእጃችሁ ያልፋል። ማኅተም ከማረፉ በፊት ሦስት ነገር ተጽፎ እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ ለሕዝብ የተተወ የዳር መንገድ፥ የፍሳሽ ማጣሪያ፥ ለአስጋሪዎች ማኅበር የዓሣ ሽያጭ ውል። ባይኖሩም አለቃችሁን በአክብሮት ጠይቁ፤ ትንሽ ጸሐፊ በጊዜው የጠየቀው ጥያቄ ትልቅ ሹም በኋላ ከሚሰጠው ትእዛዝ ይበልጥ ይጠቅማል።

አዲሱ ቤት ይምጣ፤ በደስታ እንቀበለዋለን። ሀብታሙም ሳምንቱን ይግዛ፤ ክፍሉ የእርሱ ይሁን። ውሃውን ቁጭ ብሎ ማየት ግን ለሳምንት የሚሸጥ፥ በተራ የሚደርስ ነገር አይሁን። ከሥራ የወጣ ጸሐፊና ደብተሩን የያዘ ተማሪ፥ ሲመሻሽም እግሯ የደከመ ነፍሰ ጡር፥ በሐይቁ ዳር የሚቀመጡባት አንዲት ድንጋይ ዓመቱን ሙሉ፥ ሃምሳ ሁለቱንም ሳምንት፥ ያለ ክፍያ ትቆይላቸው።