ለካር-ቲ ሕክምና ቤት ከመሸጣችሁ በፊት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የመጣልኝ ጥያቄ ነው። «ዶክተር፣ አባታችን ሊምፎማ አለባቸው። ኬሞ ወስደው ነበር፣ ተመለሰባቸው። ህንድ ካር-ቲ የሚባል አዲስ ሕክምና አለ አሉን። ቤቱን እንሽጠው?»

ሕክምናው ወሬ ብቻ አይደለም። የታማሚው የራሱ መከላከያ ሴሎች (ቲ ሴል) ከደሙ ተለይተው ይወጣሉ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ካንሰሩን እንዲያውቁት የሚያደርግ ዘረመል ይገባላቸዋል፣ ተባዝተው ተመልሰው ይሰጡታል። አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ለሊምፎማ ፈቀደችው። ለፈቃዱ መነሻ በሆነው ጥናት ኬሞ እምቢ ካላቸው ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ካንሰሩ ከምርመራ ጠፍቶላቸዋል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ግን ከ10 ሰው 4 ያህሉ ናቸው። ትልቅ ነገር ነው። ግን 6ቱንም አትርሱ፤ ደላላ ስለነሱ አይነግራችሁም።

ዋጋው አሜሪካ ሲጀመር መድኃኒቱ ብቻ 373,000 ዶላር ነበር። ህንድ በ2023 የራሷን አጽድቃ በብዙ ቀንሳዋለች፤ ያም ሆኖ በአስር ሺዎች ዶላር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሊምፎማ አንድ በሽታ አይደለም። ይሄ ሕክምና በዋናነት ሲዲ19 የሚባል ምልክት ላላቸው የቢ ሴል ዓይነቶች ነው የተሰራው፤ ለሆጅኪን አይሆንም። ስንት ሰው ነው «ሊምፎማ» ብቻ የሚል ወረቀት ይዞ የሚዞረው!

ደግሞ «ኬሞው አልሰራም» ማለት ምን ማለት ነው? በብዛት የሚታየው ትልቁ የቢ ሴል ሊምፎማ በመጀመሪያው ሕክምና፣ ሪቱክሲማብ ተጨምሮበት በሰዓቱ ሲሰጥ፣ ከ10 ሰው 6 ያህሉን ይፈውሳል። መድኃኒት ጠፋ፣ ብር አለቀ ተብሎ ሁለት ዙር የተዘለለበት ሰው ሕክምናው እምቢ አላለውም፤ ሕክምናውን አላገኘም። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

የግድ ከሆነም የሚነገራችሁ ዋጋ ጽኑ ሕሙማን ክፍልን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። ሴሎቹ ከተሰጡ በኋላ ከባድ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውረድ፣ አንዳንዴም መዘባረቅ ይመጣል፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ከሆስፒታሉ አካባቢ መራቅ አይቻልም።

ለልጆቹ «ቤቱን ለደላላ ገና አትስጡ፣ መጀመሪያ የባዮፕሲውን ብሎክና የኬሞውን ካርድ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። ካርዱ ላይ ሪቱክሲማብ የተሰጠው ለሁለት ዙር ብቻ ነው። ብሎኩ እንደገና እንዲመረመር ተልኳል፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው።