የመቆያ ጊዜዋ ያለፈባት ሙሽራ

ለዚህ ዓምድ ከሚቀርቡት የቤተሰብ ጥያቄዎች መካከል ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆችን የሚመለከቱት እየበዙ መጥተዋል። ለዛሬ የመረጥነው የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ልጃቸው አክስቷን ለመጠየቅ በጎብኚነት ወደ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ትሄዳለች። እዚያም የካናዳ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ታገባለች። በሠርጉ ደስታና በአዲሱ ትዳር ውጣ ውረድ መካከል የተፈቀደላት የመቆያ ጊዜ ሳታስበው ያልፍባታል። አሁን አንዱ «ሳይዙሽ ቶሎ ወደ አዲስ አበባ ተመለሽ» ይላታል፤ ሌላው «ድምፅሽን አጥፍተሽ ተቀመጪ» ይላታል፤ ደላላው ደግሞ «ገንዘቡን ብቻ አምጪ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ይላታል። እናቲቱም ልጄን ምን ብዬ ልምከራት ሲሉ ይጠይቃሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጭንቀታቸው ትንሽ ቀለል እንዲልላቸው አንድ ነገር እንንገራቸው። በካናዳ ሕግ የጎብኚነት ጊዜ ማለፉ ብቻውን እውነተኛ ትዳር ለያዘች ሴት በሩን አይዘጋባትም። ከባሏ ጋር እዚያው ካናዳ ውስጥ አብራ የምትኖር ሚስት በባሏ ስፖንሰርነት ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ በደንቡ መሠረት ሕጋዊ የጊዜያዊ ነዋሪነት መብት ሊኖራት ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2005 ባወጣው መመሪያ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ባለትዳሮች ከዚህ ግዴታ ነፃ ሆነው እንዲያመለክቱ ፈቅዷል። ባልና ሚስት ተለያይተው ከሚጉላሉ ጉዳያቸው አብረው እየኖሩ እንዲታይላቸው በማሰብ የወጣ መመሪያ ነው። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩትም ቢያንስ ለ12 ወራት ሳያቋርጡ አብረው መኖራቸውን ካስረዱ በዚሁ ይጠቀማሉ።

ምሕረቱ የሚመለከተው ግን ጊዜ ማሳለፍንና ያለ ፈቃድ መሥራትን ወይም መማርን የመሳሰሉትን ብቻ ነው። ከአገር እንድትወጣ ተደርጋ ያለ ፈቃድ ተመልሳ የገባችን፣ ወንጀል ያለባትን ወይም በሐሰተኛ ሰነድ የተጠቀመችን ሴት ነፃ አያወጣም። በተለይም ሐሰት መናገር ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው። ያለ ፈቃድ የሠራች ሴት ሠርቻለሁ ብላ ብትጽፍ መመሪያው ያልፍላታል፤ አልሠራሁም ብላ ጽፋ ቢደረስባት ግን ለ5 ዓመት ያህል ከካናዳ ልትታገድ ትችላለች። እንግዲህ ይታያችሁ፤ የሚታለፈውን ጥፋት ለመደበቅ ሲባል የማይታለፍ ጥፋት ይፈጸማል። ብዙ እህቶቻችን የወደቁት በዚህ ነው።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ብዙዎች ፓስፖርታቸው ላይ የተለጠፈውን የቪዛ ማብቂያ ቀን አይተው እስከዚያ ድረስ መቆየት የሚችሉ ይመስላቸዋል። ያ ቀን ወደ አገሩ መግባት የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን እንጂ የመቆያ ጊዜ አይደለም። የድንበር ሹሙ ሌላ ቀን ካልጻፈ በስተቀር ጎብኚ የሚቆየው ከገባበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። ጊዜው ሳያልቅ ማራዘሚያ የጠየቀች ሴት መልስ እስክታገኝ ድረስ ሕጋዊነቷ አይቋረጥም። ካለፈባትም በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ የቀድሞው መብቷ እንዲመለስላት ማመልከት ትችላለች። ስለሆነም የጠያቂያችን ልጅ በመጀመሪያ የገባችበትን ቀን ፈልጋ ትቁጠር። 90 ቀኑም ካለፈ ከላይ የተናገርነው የ2005 መመሪያ አለላት።

«ቶሎ ተመለሽ» የሚለው ምክር በቅንነት የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በአሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶች ሲሆን፣ እነርሱም የሚያውቁት የራሳቸውን አገር ሕግ ነው። በአሜሪካ ከ180 ቀን በላይ ያለ ሕጋዊ መብት ኖሮ የወጣ ሰው 3 ዓመት፣ ከ1 ዓመት በላይ የቆየ ደግሞ 10 ዓመት ሊታገድ ይችላል። የዋሽንግተን ወሬ ግን ለቶሮንቶ አይሆንም። በካናዳ የመውጫ ትእዛዝ ሳይሰጣት በራሷ ፈቃድ የወጣች ሴት ጊዜ በማሳለፏ ብቻ እንዲህ ያለ የዓመታት እገዳ አይጣልባትም። ችግሩ በሌላ በኩል ነው። ከካናዳ ውስጥ የሚቀርበው ማመልከቻ የተመሠረተው አብሮ በመኖር ላይ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ሳያልቅ ብትወጣ እንደገና እንደምትገባ ማረጋገጫ የላትም፤ ማመልከቻውም ሊወድቅ ይችላል። በአንጻሩ አዲስ አበባ ሆና በውጭው መንገድ ብታመለክት ውሳኔው ሲከፋ ባልየው ለይግባኝ ሰሚው አካል አቤት ለማለት መብት አለው፤ በውስጡ መንገድ ይህ መብት ስለሌለ የሚቀረው የፌዴራል ፍርድ ቤትን ፈቃድ ጠይቆ ጉዳዩን ማስመርመር ነው። ሁለቱም መንገዶች የየራሳቸው ዋጋ ስላላቸው አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት በጥሞና መመዘን ይገባል።

ተደብቆ መቀመጡ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ማመልከቻ ያስገባች ሴትም ብትሆን ፈጽሞ አትነካም ማለት አይደለም፤ መመሪያው ከአገር የማስወጣቱን እርምጃ ለ60 ቀን ያህል የሚያዘገየው ለተወሰኑ ሰዎች ሲሆን፣ ለመውጫ ዝግጅት ቀጠሮ ከተጠራች በኋላ የምታመለክት ሴት ይህን አታገኝም። ስለዚህ ሳይጠሩ አስቀድሞ ማመልከት ብልህነት ነው። የደላላውን ነገር በአጭሩ እንለፈው፤ በካናዳ ሕግ ለዚህ ጉዳይ ገንዘብ ተቀብሎ መምከር የሚችለው ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ነው። ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር የለውም።

አሁን ወደ ትዳሩ እንግባ። ስፖንሰር የሆነ ባል ሚስቱ ቋሚ ነዋሪ ከሆነችበት ቀን አንሥቶ ለ3 ዓመት መሠረታዊ ፍላጎቷን ለማሟላት ለመንግሥት ቃል ይገባል። ቢፋቱም ቃሉ አይፈርስም። ይህ እርሷን የሚጠቅም ግዴታ ሆኖ ሳለ አንዳንድ ባሎች ወደ ማስፈራሪያ ሲለውጡት ይታያል። «ወረቀትሽን አስቀድደዋለሁ» እያሉ ፓስፖርቷን ቆልፈው የሚይዙ አሉ። ሐቁ ምን እንደሆነ እናቶች ማወቅ አለባቸው። ከውሳኔው በፊት ባልየው ስፖንሰርነቱን ሊያነሣ ይችላል፤ ትዳሩም ከፈረሰ ማመልከቻው ይወድቃል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቋሚ ፈቃዱን ካገኘች በኋላ ግን እውነተኛ የነበረ ትዳር በመፍረሱ ብቻ ፈቃዷን የሚነጥቃት የለም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አንዳንድ ሚስቶች 2 ዓመት ከባላቸው ጋር እንዲኖሩ ያስገድድ የነበረው ሁኔታ በ2017 ተሽሯል። በቤቷ ውስጥ ጥቃት የሚደርስባት ሴትም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ያለ ክፍያ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ እንድትችል ተደርጓል። በስልክ የልጅዎ ድምፅ ከወትሮው የተለየ መስሎ ከታየዎት፣ ባልየው አጠገቧ በሌለበት ሰዓት ደውለው ይህንኑ ይንገሯት።

ከዚህ ሌላ አዲስ አበባ ያለችው እናት ልትሠራው የምትችለው ብዙ ነገር አለ። የኢሚግሬሽን ሹሞች ትዳሩ ለወረቀት ሲባል የተደረገ እንዳይሆን ይመረምራሉ፤ ከሚያዩትም አንዱ ሁለቱ ቤተሰቦች ስለ ጋብቻው ማወቅ አለማወቃቸው ነው። የባልየው ወገን ሽማግሌ ልኮ ከነበረ፣ ማን መጣ፣ መቼ መጣ የሚለውን በጽሑፍ አስፍረው ያስፈርሙበት። ፎቶግራፍም ካለ ይላክ። በእነርሱ በኩል የቤት ኪራይ ውሉ፣ የባንክ ሒሳቡና በሁለቱም ስም የሚመጡ ደብዳቤዎች አብሮ መኖራቸውን ያስረዳሉ።

የልደት ምስክር ወረቀት ሲወጣ ቀኑን በጥንቃቄ ያስመርምሩ። መስከረም 5 ቀን 1987 የተወለደች ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ስትሆን፣ በዚያው ዓመት ጥር 10 ቀን የተወለደችው ግን በ1995 ነው። ሁሉን በ7 ወይም ሁሉን በ8 ዓመት የሚያስላ ጸሐፊ ባንድ ሰው ስም ሁለት የልደት ቀን ይፈጥራል። የስም አጻጻፉም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል እንኳ እንዳይለያይ ይታይ። የእኛ ሴቶች ሲያገቡ የአባታቸውን ስም ስለማይለውጡ የባልና የሚስት ስም መለያየቱ ለፈረንጁ ግር ሊለው ይችላልና፣ በአንዲት አጭር ገጽ ቢያስረዱት አይከፋም። ከዚህም በላይ ከ18 ዓመቷ ወዲህ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ 6 ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖረችበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ትጠየቃለች። ቤይሩት ወይም ዱባይ ሠርታ የተመለሰች ልጅ ይህን ማስረጃ ከሩቅ ማግኘት ጊዜ ስለሚወስድባት ፍለጋውን ከወዲሁ ትጀምር።

በመጨረሻም ከዚህ ጋብቻ በፊት የተወለደ፣ አሁን ከአያቱ ጋር የሚያድግ ልጅ ካለ። አንዳንድ እናቶች ባልየው እንዳይቀየም በማለት ልጁን ከቅጹ ላይ እንዲቀር ይመክራሉ። ዕድሜው ከ22 ዓመት በታች ሆኖ ያላገባ ልጅ ሁሉ አብሮ ባይሄድም እንኳ መመዝገብና መመርመር አለበት። ስሙ የቀረ ልጅ በኋላ እናቱ ላስመጣው ስትል በዚያው ምክንያት ሊከለከል ይችላል። ባልየው እስከ ዛሬ ካልሰማ ማመልከቻው ከመፈረሙ በፊት ይንገሩት።