የቀድሞው ሐዲድ ለገበሬውም ጉዳዩ ነው

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በሲኤምሲ በኩል የሚያልፈው የከተማ ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከለገሃር ተነስቶ በአቃቂ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደው የቀድሞው ሐዲድ ጭር ብሎ ነበር። ይህ መስመር ከጅቡቲ ተነስቶ፣ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ነው። ዛሬ በእግሩ የሚከተለው ሰው ብዙውን ቦታ ሣርና ቁጥቋጦ ውጦት ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ ባቡሩ ቢቀርም የአፈር ካቡ አለ። ካቡ መረሬውን መሬት አቋርጦ ስለሚያልፍ የክረምቱን ጎርፍ እንደ ግድብ ያግዳል። ውሃው የሚሾልከው ከሥሩ በተሠሩት ድልድዮችና ቱቦዎች ነው። እነዚህ በደለልና በእሾህ ሲደፈኑ ውሃው ማሳ ላይ ይተኛል፤ ጤፉ ቢችለውም ምስሩና ስንዴው ይበላሻል።

ስለሆነም በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚገኙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከሰኔ በፊት አባላቱን አስተባብረው የውሃ መውረጃዎቹን ማስጠረግ ይገባቸዋል። ጠጠሩን ለግንባታ፣ ብረቱን ለሽያጭ የሚነቅል ሲገኝም በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። ንብረቱ የሕዝብ ከመሆኑም በላይ፣ ጎርፍ የሚሰብረው ካቡ የተቦረቦረበትን ቦታ ነው። በጭቃው ወራት ገበያተኛውና ተማሪው የሚሄድበት ደረቅ መንገድም ይኸው ካብ በመሆኑ፣ ጥበቃው ለነገ የሚባል ተግባር አይደለም።