ለእንግዳ ሲባል ታሪክ አይቀባ



ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የድሮ ባቡር ወዳጆች ይህንን ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ታዲያ ለእነሱ ዝግጅት በታሰበ ቁጥር «አሮጌውን ሞተር ቀለም ቀብተን ጭስ ብናስወጣበትስ?» የሚል አይጠፋም።

እኛ በዚህ አንስማማም። በመስመራችን ላይ እንፋሎቱ ለናፍጣው ቦታ መልቀቅ የጀመረው በ1940ዎቹ ዓ.ም. ነው። የናፍጣውን ባቡር የእንፋሎት አስመስሎ ማቅረብ እንግዳን ማታለል፣ ልጆቻችንንም ማሳሳት ነው። የናፍጣውም ዘመን እኮ ታሪክ ነው! በእሱ ላይ የሠሩ ጡረተኞች በመካከላችን አሉ፤ እንግዳውን እነሱ ያስረዱት።

ደግሞም የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር 1.435 ሜትር ነው። አሮጌው ባቡር በአዲሱ ላይ አይሄድም። የቀረችን ሐዲድ ተነቅላ ለቁራጭ ብረት ከተሸጠች ቀለሙ ቢያምር ምን ይሠራል?

ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ሐዲዱ ይጠበቅ። ሲነቀል ያየ ዝም አይበል እንላለን።